ዓይን ሳይታይ የሚሠራ ኤፕሊ፦ ስለ ማዞር ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

አልጋ ላይ ሲገላበጡ ስለሚመጣ ማዞር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከርሟል። ጸሐፊው በሽታው ቢፒፒቪ እንደሚባል፣ መንስኤውም በውስጠኛው ጆሮ ከቦታቸው የተነቀሉ ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮች መሆናቸውን አስረድተዋል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ የደም ግፊትና የደም ማነስ ኪኒን እየዋጠ እንደሚንገላታም ጽፈዋል። እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው፤ በአማርኛ መጻፋቸውም ያስመሰግናቸዋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ምክር ነው። ሲተኛ የሚያዞረው ሰው ሁሉ ኤፕሊ፣ ማለትም ጭንቅላትን በተራ እያዞሩ ጠጠሩን ከቱቦው የማስወጣት እንቅስቃሴ፣ ይሠራለት ይላሉ። የታመመው ጆሮ የቱ እንደሆነ በሽተኛው ራሱ ይነግራችኋል፣ የዓይን እንቅስቃሴ ማየት ውድ መነጽር ላላቸው ስፔሻሊስቶች የሚተው ነገር ነው ይላሉ። ማዞሩ ከቀረ ድኗል፣ ካልቀረ ኤፕሊው አልሠራም፤ ከሕክምናው በኋላ ሁለት ሌሊት ተቀምጦ ማደር ግዴታ ነው፤ በትክክል የዳነ ሰው ደግሞ አይመለስበትም ብለው ይደመድማሉ። ይህን ምክር የሚከተል ባለሙያ እጅ ላይ መዳን የሚችል ሰው ሳይድን ይቀራል፤ አልፎ አልፎም የአንጎል ሕመም የጆሮ ነው ተብሎ ይታለፋል።

ዓይን ማየት የስፔሻሊስት ጉዳይ ነው ከሚለው እንጀምር፤ ሌሎቹ ስሕተቶች ሁሉ የመነጩት ከዚሁ ነውና። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ያሉት ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች፣ ማለትም የኋለኛው፣ አግድሙና የፊተኛው፣ በነርቭ ከዓይን ጡንቻዎች ጋር የተያያዙ ናቸው። አንዱ ቱቦ ሲነቃ ዓይን በዚያው ቱቦ አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል፤ ቀስ ብሎ ወደ አንድ ወገን ይንሸራተትና በፍጥነት ይመለሳል። ኒስታግመስ የሚባለው ይህ ነው፤ አቅጣጫውም የሚሰየመው በፈጣኑ ምት ነው። ስለዚህ ጠጠሩ በየትኛው ጆሮ፣ በየትኛው ቱቦ ውስጥ እንዳለ፣ ፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፍ ወይም ኩፑላ በሚባለው ስስ መጋረጃ ላይ ይጣበቅ የሚናገረው ዓይን ነው። በሽተኛው ሊነግረን የሚችለው «ዞረብኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ሮበርት ባራኒ ይህን ከአቀማመጥ ጋር የሚመጣ የዓይን እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ1921 መዝግቦታል፤ ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሆልፓይክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን ላይ ዛሬም የምንጠቀምበትን፣ በስማቸው ዲክስ-ሆልፓይክ የሚባለውን ምርመራ አስተካክለው ጻፉ። ያኔ የቪዲዮ መነጽር አልነበረም።

ምርመራው እንዲህ ይሠራል፤ ለቀኝ ጆሮ እንውሰደው። በሽተኛው አልጋው ላይ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። አቀማመጡ ሲጋደም ትከሻው የአልጋው ጠርዝ ላይ፣ ጭንቅላቱ ከጠርዙ ውጭ እንዲውል ሆኖ ይለካል። ጠርዝ የሌለው ፍራሽ ከሆነ ትከሻው ሥር ትራስ ይደረጋል። ጭንቅላቱ 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ይዞራል። ዓይኑን እንዳይጨፍን አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ማዞሩ ሲጀምር ሁሉም ሰው መጨፈን ስለሚፈልግ ይህን ያልነገረ መርማሪ ምንም ሳያይ ይቀራል። ከዚያ ጭንቅላቱ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ እስኪንጠለጠል ድረስ ሳያመነታ በአንድ ጊዜ ይጋደማል። በዚህ ጊዜ ዓይኑን ማየትና በሰዓት መቁጠር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ አምስት ሰከንድ አይቶ «ኔጌቲቭ ነው» ይላል። በኋለኛው ቱቦ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጠጠሮች ግን ፈሳሹን ማንቀሳቀስ እስኪጀምሩ ድረስ ጥቂት ሰከንዶች፣ አንዳንዴም 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባቸዋል። ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ ያስፈልጋል። አንገቱ ለዚህ የማይመች ሰው፣ ለምሳሌ ከባድ የአንገት አጥንት ችግር ወይም ሪህ ያለበት፣ አልጋው ጎን ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን 45 ዲግሪ ወደ ግራ አዙሮ በቀኝ ጎኑ ቢጋደም ያው ቱቦ ይመረመራል።

የኋለኛው ቱቦ ከሆነ የሚታየው ምልክት ሁለት ነገር የተደባለቀበት ነው። ዓይኑ ወደ ግንባር ወደ ላይ ይመታል፤ በዚያው ቅጽበት የላይኛው ጫፉ ወደ መሬት ወዳለው ጆሮ ይጠማዘዛል። ይጀምራል፣ ይበረታል፣ ከዚያ ይደክማል፤ ከጀመረ በኋላ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ሲቀመጥ በተቃራኒው አቅጣጫ ለአጭር ጊዜ ይመለሳል። ያለ ምንም መዘግየት ጀምሮ ጭንቅላቱ እዚያው እስካለ ድረስ ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚቀጥል ከሆነ ጠጠሩ ኩፑላው ላይ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ የአንጎል ምክንያትም መታሰብ አለበት። ይህ ሁሉ በካርዱ ላይ ይጻፋል። «ዲክስ-ሆልፓይክ ፖዘቲቭ» ብሎ ማለፍ ለቀጣዩ ሐኪም ምንም አይነግረውም። «ቀኝ፤ ከ5 ሰከንድ በኋላ ጀመረ፤ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ጆሮ የሚጠማዘዝ፤ 20 ሰከንድ ቆየ፤ ሲቀመጥ ተገለበጠ» ብሎ የተጻፈ ግን ማንም አንብቦ ሕክምናውን ሊቀጥል ይችላል።

መነጽር የለንም የሚለው ምክንያት በከፊል ብቻ ነው የሚያስኬደው። ዓይንን አጉልቶ የሚያሳየው 20 ዲዮፕተሩ የፍሬንዝል መነጽርም ሆነ የቪዲዮ መነጽር የሚጠቅመው በሽተኛው አንድ ነገር ላይ አተኩሮ ኒስታግመሱን እንዳያፍነው ነው። ማተኮር አግድሙን እንቅስቃሴ በደንብ ያፍናል፤ የሚጠማዘዘውን ግን ብዙም አያግደውም። ስለዚህ በብዛት የሚያጋጥመው የኋለኛው ቱቦ ዓይነት በባዶ ዓይን ይታያል። የዓይኑን ጥቁር ክብ መሐል ከማየት ይልቅ ነጩ ላይ ያለ አንድ ቀይ የደም ሥር መርጦ እሱን መከተል መጠምዘዙን ቶሎ ያሳያል። በሽተኛው ወደ ታችኛው ጆሮ አቅጣጫ እንዲያይ ሲደረግ መጠምዘዙ ይጎላል፤ ወደ ላይኛው ጆሮ ሲያይ ደግሞ ወደ ላይ የሚመታው ይጎላል። የዓይኑን ሽፋን በጣት ቀስ ብሎ ከፍቶ በስልክ መቅረጽና በዝግታ ደግሞ ማየትም ይረዳል። አስታማሚ ካለ ስልኩን እሱ ይያዝ፤ የመርማሪው ሁለት እጅ ጭንቅላቱ ላይ መሆን አለበት።

ጆሮውን በሽተኛው ይናገራል የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ነው። አንዳንዱ በእርግጥ ይናገራል፤ «በቀኜ ስገላበጥ ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ቀኝ ጆሮው ሆኖ ይገኛል። አግድሙ ቱቦ ውስጥ ሲሆን ግን በሁለቱም ጎን ስለሚያዞር ሰውየው ለመለየት ይቸገራል። ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ወይም መስጊድ ውስጥ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ፣ ከቁም ሳጥን ላይ ዕቃ ለማውረድ ቀና ሲል የሚያዞረው ደግሞ ስለ ጎን ምንም መረጃ አይሰጥም። ታሪኩ የሚጠቅመው ቢፒፒቪን ከሌላው ለመለየት ነው። የደም ግፊቱ ሲነሳ የሚወርድ ሰው ሲቆም ያዞረዋል፤ ተኝቶ ከጎን ወደ ጎን ሲገላበጥ ግን አያዞረውም። ይህች አንድ ጥያቄ ብዙ የደም ማነስ ኪኒን ታስቀራለች።

ለሁሉም ኤፕሊ የሚለውን ሦስተኛ ምክር በተመለከተ፦ ጆን ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት እንቅስቃሴ የተሠራው ለኋለኛው ቱቦ ነው። አብዛኛው በሽተኛም ይህ ነው ያለበት። ቀላል የማይባል ቁጥር ያለው ሰው ግን ጠጠሩ አግድሙ ቱቦ ውስጥ ነው፤ ለእሱ ኤፕሊ አስሬ ቢደጋገም ጠጠሩን ወደ መውጫው አይወስደውም። ዲክስ-ሆልፓይክ በሁለቱም ጎን ምንም ካላሳየ፣ ወይም አግድም ኒስታግመስ ከታየ፣ ሌላ ምርመራ ይሠራል። በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ ጭንቅላቱ በትራስ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ይደገፋል። ከዚያ በፍጥነት 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ዓይኑ ይታያል፤ ሲረጋጋ ወደ መሐል ይመለሳል፤ ከዚያ ወደ ግራ።

እዚህ ላይ ዓይኑን ያላየ ሰው ምንም ማድረግ አይችልም። ኒስታግመሱ በሁለቱም ጎን ወደ መሬት የሚመታ ከሆነ ጠጠሮቹ ተንሳፋፊ ናቸው፤ የታመመው ጆሮ የሚበረታበት ጎን ነው። በሁለቱም ጎን ወደ ሰማይ የሚመታ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ የታመመው ጆሮ የሚደክምበት ጎን ነው። ልዩነቱ ለዓይን ግልጽ ካልሆነ በሽተኛውን አስቀምጦ እንዲያጎነብስ ማድረግ ይረዳል፤ ወደ መሬት በሚመታው ዓይነት ሲያጎነብስ ምቱ ወደ ታመመው ጆሮ ይሄዳል፤ ወደ ሰማይ በሚመታው ዓይነት ደግሞ ወደ ጤነኛው። ሕክምናውም ይለያያል። ወደ መሬት ለሚመታው የጉፎኒ እንቅስቃሴ እንዲህ ነው፦ አልጋ ጎን የተቀመጠው በሽተኛ በፍጥነት ወደ ጤነኛው ጎን ይጋደማል፤ ኒስታግመሱ እስኪያቆም ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ከዚያ አፍንጫው ወደ ፍራሹ 45 ዲግሪ ዞሮ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይነሳል። ወደ ሰማይ ለሚመታው ግን መጋደሙ ወደ ታመመው ጎን ነው፤ አፍንጫውም 45 ዲግሪ ወደ ላይ ይዞራል። አቅጣጫውን ያሳሳተ ሰው ሕክምናውን ለተሳሳተው ጆሮ ሰጥቷል ማለት ነው።

ዓይኑ ወደ ታች፣ ወደ አገጭ፣ የሚመታ ከሆነ ደግሞ መቆም ያስፈልጋል። የፊተኛው ቱቦ ቢፒፒቪ ይህን ሊያሳይ ይችላል፤ ግን ብርቅ ነው። ያለ መዘግየት የሚጀምር፣ የማይደክም፣ መጠምዘዝ የሌለበት ወደ ታች የሚመታ ኒስታግመስ የሴሬቤለም፣ ማለትም ሚዛንን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል፣ ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል። ንግግር መያያዝ፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ የእጅ ወይም የእግር መድከም፣ መቆም አለመቻል፣ ወይም ከዚህ በፊት ያልታየ ኃይለኛ ራስ ምታት አብሮት ካለ ኤፕሊ መሥራት ጊዜ ማጥፋት ነው፤ በሽተኛው ወደ ሆስፒታል ይላክ። ሳይንቀሳቀስ፣ ቁጭ ብሎም ለሰዓታት ሳያቋርጥ የሚያዞረው ሰውም የቢፒፒቪ በሽተኛ አይደለም። ጸሐፊው ኤምአርአይ አያስፈልግም ያሉት ለተለመደው ዓይነት እውነት ነው፤ ግን የተለመደ መሆኑን የሚናገረው ይኸው የሚያጣጥሉት ዓይን ነው።

አራተኛው ነጥብ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፦ ማዞሩ ከቀረ ድኗል፣ ካልቀረ አልሠራም የሚለው። ኤፕሊ ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው ግምገማ 11 ጥናቶችንና 745 በሽተኞችን አሰባስቦ ነበር። ማዞራቸው ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው ሰዎች የማስመሰያ ሕክምና ከተሰጣቸው ወይም ካልታከሙት ውስጥ ከ100 21፣ ኤፕሊ ከተሠራላቸው ከ100 56 ነበሩ። ይህ ከፍተኛ ልዩነት ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያልተሻለው ሰው ጥቂት አለመሆኑንም ያሳያል። ለምን አልሠራም የሚለውን ለማወቅ ሕክምናው እየተሠራ ሳለ ዓይኑን ማየት ያስፈልጋል።

የቀኝ ጆሮ ኤፕሊ አራት አቀማመጥ አለው። መጀመሪያው የዲክስ-ሆልፓይክ አቀማመጥ ራሱ ነው። ሁለተኛው ጭንቅላቱ እንደተንጠለጠለ 90 ዲግሪ ወደ ግራ ሲዞር፣ ማለትም ከመሐል 45 ዲግሪ ግራ ላይ ሲደርስ ነው። ሦስተኛው ሰውነቱ በግራ ጎኑ ሲገላበጥና ጭንቅላቱ ሌላ 90 ዲግሪ ዞሮ አፍንጫው ወደ ወለሉ ሲያይ ነው። መጨረሻው አገጩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ መነሳት ነው። እያንዳንዱ አቀማመጥ ኒስታግመሱ ካቆመ በኋላ ጨምሮ 30 ሰከንድ ያህል ይጠበቃል። ጠጠሮቹ ውሃ በሞላ ጎማ ውስጥ እንዳለ አሸዋ ናቸው፤ በራሳቸው ክብደት ዝቅ እስኪሉ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ያቻኮሏቸው እንደሆነ መሐል መንገድ ላይ ይቀራሉ።

ወሳኙ ሁለተኛው አቀማመጥ ነው። እዚህ ላይ የሚታየው ኒስታግመስ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ማለትም ወደ ላይና አሁንም ወደ ቀኝ ጆሮ የሚጠማዘዝ ከሆነ፣ ጠጠሩ ወደ መውጫው እየሄደ ነው። ተገልብጦ ወደ ታችና ወደ ግራ ጆሮ ከተጠማዘዘ ጠጠሩ ወደ ኋላ፣ ወደ ኩፑላው እየተመለሰ ነው። ኤፕሊ ራሳቸው ይህን ልብ ብለው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከኮሪያ የወጣ ጥናትም በሁለተኛው አቀማመጥ ተመሳሳይ አቅጣጫ የታየባቸው ሰዎች በብዛት እንደዳኑ፣ የተገለበጠባቸው ግን በብዛት እንዳልዳኑ አሳይቷል። ተገልብጦ ካዩት ከመጀመሪያው መድገም ነው። ምንም ኒስታግመስ ካልታየ ግን አልሠራም ማለት አይደለም፤ ይህን ምልክት የሚያሳየው ሁሉም በሽተኛ አይደለም።

ጠጠሩ ወደ ኋላ የሚመለስባቸው ምክንያቶች ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሲገላበጥ በሽተኛው በራሱ ጉልበት ጭንቅላቱን ያነሳል፤ በተለይ ሰውነቱ ከበድ ያለና ፍራሹ የሚሰጥም ከሆነ። መርማሪው ጭንቅላቱን ይዞ ትከሻውን እንዲያገላብጥ ሌላ ሰው ቢያግዘው ይህ ይቀራል። ሁለተኛው ምክንያት መዞሩ ማነሱ ነው፤ አንገቱ የደረቀ ሽማግሌ 60 ዲግሪ ዞሮ 90 የደረሰ ይመስላል። እንዲህ ላለው ሰው አንገቱን ከማስጨነቅ ሰውነቱን ቀድሞ ማዞር ይሻላል። ሲነሳ ደግሞ ድንገት ወደ ኋላ የመወርወር ስሜት ሊመጣ ይችላል፤ በሽተኛው እንደተቀመጠ ቢያንስ አንድ ደቂቃ በሁለት እጅ ይያዝ።

ከሕክምናው በኋላም ዓይኑ የሚነግረን አለ። «አሁንም ያዞረኛል» የሚል ሰው ዲክስ-ሆልፓይኩ ንጹሕ ከሆነ ጠጠሩ ወጥቷል፤ የቀረው የመንሳፈፍና ያለመርጋት ስሜት ነው፤ በቀናት ወይም በሳምንታት ይጠፋል፤ ኤፕሊ መደጋገም አይፈልግም። በተቃራኒው «ድኛለሁ» የሚል ሰው ሲጠየቅ በዚያ ጎኑ መተኛት ትቶ ሊሆን ይችላል፤ ቢመረመር አሁንም ፖዘቲቭ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ከኤፕሊ በኋላ ማዞሩ ብሶበት የሚመጣው ነው። ከ100 6 ገደማ በሆኑት ጠጠሩ ከኋለኛው ቱቦ ወጥቶ አግድሙ ውስጥ ይገባል፤ የዓይኑ እንቅስቃሴም ከላይና ከመጠምዘዝ ወደ አግድም ይለወጣል። ይህን ያላየ ባለሙያ «ኤፕሊ አባሰበት» ብሎ ይተወዋል፤ ያየው ግን ሕክምናውን ወደ አግድሙ ቱቦ ቀይሮ ሊገላግለው ይችላል። ወዲያው በተደጋጋሚ ሲመረመር ምልክቱ ስለሚደክም የሕክምናውን ውጤት በቀናት ልዩነት ደግሞ ማየት ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች መመሪያም በአንድ ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይ ይመክራል።

ሁለት ሌሊት ተቀምጦ ማደር ግዴታ ነው ለሚለው አጭር መልስ ይበቃል። ከሕክምና በኋላ አቀማመጥን መገደብ ትንሽ ጥቅም እንዳለው ያሳየ ግምገማ አለ፤ ጥቅሙ ግን ከ10 ሰዎች ለአንዱ ያህል ነው። ያው የ2017 መመሪያ ይህን ገደብ እንደ ግዴታ ማዘዝን አይደግፍም። አንገቷን ለሁለት ቀን አድርቃ ተቀምጣ ያደረች እናት በሚቀጥለው ቀን ከማዞሩ ሌላ የአንገት ሕመም ይዛ ትመጣለች። ሲናሪዚንና ፕሮሜታዚንን የመሰሉ የማዞር ኪኒኖችን በቋሚነት መዋጥም ጠጠሩን አያነሳውም፤ ከሕክምናው በፊት ማስመለስ ለሚያስቸግረው ሰው ለአጭር ጊዜ ቢሰጥ ግን አይከፋም።

አይመለስበትም የሚለው የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም በላይ ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል፤ የተመለሰበት ሰው ሕክምናው ውሸት ነበር ብሎ ያስባልና። በረጅም ጊዜ ክትትል ከታከሙት ግማሽ ያህሉ በ10 ዓመት ውስጥ ተመልሶባቸዋል፤ ከሚመለስባቸው ደግሞ አብዛኞቹ በመጀመሪያው ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የኮሪያ ጥናት 957 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በደማቸው ያለው ቫይታሚን ዲ በሚሊ ሊትር ከ20 ናኖ ግራም በታች የሆኑት 400 አይዩ ቫይታሚን ዲና 500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ዓመት ወስደው፣ የሚመለስባቸው መጠን በ24 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ቫይታሚኑ ያነሰበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ሊወስደው ይችላል።

በተመለሰበት ቀን ግን ካርዱ ላይ ካለፈው ዓመት የተጻፈውን ጆሮ ይዞ ኤፕሊ መጀመር አይገባም። ጠጠሩ በዚህ ጊዜ በሌላው ጆሮ ወይም በሌላ ቱቦ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ዲክስ-ሆልፓይክ በሁለቱም ጎን እንደገና ይሠራል፤ ዓይኑም 30 ሰከንድ ይጠበቃል።